የቁርጭምጭሚት ፊደል

ቁርጭምጭሚት የሚለውን ቃል ለቋንቋችን ያበረከተው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ አንድ ቀን የራሱን የሰበረ ሰው መሆኑን እጠረጥራለሁ። ቃሉ ገና ከአፍ ሲወጣ ይሰበራል። በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናብ ባለሰለሰው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ግራ እግሬ ታጥፎ ስወድቅ የሰማሁት ድምፅ ከዚህ ቃል ብዙም አይለይም ነበር። ስለ አወዳደቄ ከዚህ የበለጠ የምተርከው የለኝም። ስለ አወዳደቅ ብዙ ተጽፏል። ስለ አነሣሥ ግን፣ በተለይም በሴንቲ ሜትር እየተለካ፣ አንዳንድ ቀን ወደ ኋላም እየተመለሰ ስለሚሄደው አነሣሥ፣ በቋንቋችን ያነበብሁት ጥቂት ነው።

ከቅልጥም የሚወርዱት ሁለቱ አጥንቶች፣ ወፍራሙና ቀጭኑ፣ ታች ሲደርሱ እንደ ሹካ ተከፍተው አንዲት ጎባጣ አጥንት በመካከላቸው ያቅፋሉ። ሐኪሞች ቴለስ ይሏታል። የሰውነታችንን ሸክም በሙሉ ተቀብላ ወደ ተረከዝና ወደ ፊተኛው እግር የምታከፋፍለው እርሷ ስትሆን፣ የሚገርመው ግን አንድም ጡንቻ ያልተያያዘባት መሆኗ ነው። ራሷን ማንቀሳቀስ አትችልም፤ ጎረቤቶቿ ሲንቀሳቀሱ ትንቀሳቀሳለች። ራምዚና ሃሚልተን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት፣ ይህች አጥንት ከቦታዋ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ብትንሸራተት፣ ከላይዋ ካለው አጥንት ጋር የምትነካካበት ስፋት በአማካይ 42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። አንድ ሚሊ ሜትር! ቀዶ ሐኪሙ በቀጭኑ አጥንቴ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ብረትና ስድስት ብሎን ለምን እንዳሰረበት የገባኝ ይህንን ካነበብሁ በኋላ ነው።

ብረቱ የታሰረው ግን እግሩን አስሮ ለማቆየት ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ለመፍታትም ነው። በቀደመው ዘመን የተሰበረ እግር ለረጅም ሳምንታት በጀሶ ተቀብሮ ይቆይና፣ አጥንቱ ሲድን መገጣጠሚያው ደርቆ፣ ጡንቻው ከስቶ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ሞሪስ ሙለርና ባልደረቦቹ በስዊዘርላንድ የመሠረቱት ማኅበር ይህንን ልማድ ተቃወመ። አጥንቱ በብረት ይጽና፤ መገጣጠሚያው ግን ሳይውል ሳያድር ይንቀሳቀስ አሉ። እንግዲህ እኔ የእነዚያ ሰዎች ክርክር ውጤት ነኝ ማለት ነው።

እናቴ ይህንን ክርክር አልሰማችም። ብትሰማም የምትቀበለው አይመስለኝም። አደጋው በደረሰ በማግሥቱ በስልክ ወጌሻ ስታፈላልግ ነበር። «የሰው አጥንት እንደ በር ብሎን ይበሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። ወጌሻን በጅምላ ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም። ስፖርት ጋዜጠኞቻችን እስከ ዛሬ የእግር ኳስ ቡድንን የሕክምና ባለሙያ ወጌሻ ይሉታል፤ ቃሉ ክብሩን አላጣም። ነገር ግን በቀርከሃ ከመጠን በላይ ተጠብቆ የታሰረ እግር ደም ተቋርጦበት፣ ጠቁሮ፣ እስከ መቆረጥ የደረሰበት ሰው በየሆስፒታሉ ታይቷል። ያበጠ እግር ቦታ ይፈልጋል፤ ጥብቅ ማሰሪያ ቦታ ይነሣል። ይህንን ለእናቴ ስነግራት ዝም አለች። ዝምታዋ መስማማት እንዳልሆነ ሃምሳ ዓመት የኖርሁበት ቤት ነውና አውቃለሁ።

የምንኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ከበራችን እስከ ምድር 72 ደረጃዎች አሉ። እናቴ ዓይኖቿ ከደከሙ ዓመታት አልፈዋል፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች እንጂ የደረጃ ጠርዝ አይታያትም። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ ዕድር ስትወርድ በግራ እጇ ግድግዳውን፣ በቀኝ እጇ የእኔን ክንድ ይዛ ነው። እግሬ በተሰበረ ዕለት የእርሷም መውረጃ አብሮ ተሰበረ። ጎረቤቶች «እኛ እናወርድዎታለን» አሏት። አመሰገነቻቸውና አልወረደችም። የሰው እርምጃ መልመድ በእርሷ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ትንሽ ላውጋ። ይህ ፊዚዮቴራፒ የሚባለው ሙያ በመደበኛው አማርኛ «የተሐድሶ ሕክምና» በሚለው ጥላ ሥር ይመደባል። ተሐድሶ! ይህ ቃል ስንት ነገር ተሸክሟል፤ አንዴ የሃይማኖት ክርክር፣ አንዴ የፖለቲካ ስብሰባ፣ አንዴ የሥልጠና ካምፕ። ለአንዲት ቁርጭምጭሚት ሲሰጥ ግን ሸክሙ ሁሉ ረግፎ ንጹሕ ትርጉሙ ብቻ ይቀራል፤ እንደገና አዲስ መሆን። ሕዝቡ ግን «ፊዚዮ» ብሎ አሳጥሮታል፤ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

የፊዚዮ ባለሙያዋ ከሠላሳ ዓመት በታች የምትሆን ወጣት ናት። «ሲስተር» ስላት «ሲስተር አይደለሁም ጋሼ» ትለኛለች። ከእኔ ቀጥሎ የሚገባውም ሲስተር ይላታል፤ ለእርሱም ያንኑ ትመልሳለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ሕመሜ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። «ሲድኑ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ነበር ያለችኝ። አጠገቤ የተቀመጠው የግንባታ ሠራተኛ፣ ከመወጣጫ ወድቆ ሁለቱንም የቁርጭምጭሚት አጥንቶች የሰበረ ልጅ፣ «መሰላል መውጣት» ብሎ መልሶ ኖሯል። ከገጠር የመጡት አዛውንት «በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ቡናዬን መጠጣት» አሉ። እኔ «እናቴን ይዤ 72 ደረጃ መውረድ» አልሁ። ጻፈችው። ቀጥላም ደረጃ መውረድ ከመውጣት ይልቅ የቁርጭምጭሚት መታጠፍ አብዝቶ እንደሚጠይቅ፣ ስለዚህ ከባዱን እንደመረጥሁ ነገረችኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራ ለተመልካች ሥራ አይመስልም። እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ በትራስ ላይ ማንሣት፣ ጣቶችን ማወዛወዝ፣ ጉልበትንና ዳሌን ማንቀሳቀስ፤ ደም በባት ውስጥ ረግቶ እንዳይቀር። ክራንቹም የራሱ ሥርዓት አለው። ክብደት የሚያርፈው በእጅ መዳፍ ላይ እንጂ በብብት አይደለም፤ በክራንቹ አናትና በብብት መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። በብብት ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው በዚያ የሚያልፉትን ነርቮች ይጫናቸውና እጁ ይደነዝዛል።

ስፌቱ ከወጣ በኋላ ፊደል መጣ። «በአውራ ጣትዎ ጫፍ አየር ላይ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ይጻፉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» አለችኝ። በየአገሩ የሚታዘዝ የታወቀ እንቅስቃሴ ነው፤ ቁርጭምጭሚት በየአቅጣጫው እንዲዞር ያስገድደዋል። የአንድ እግር አጥንቶች 26 ናቸው፤ የእንግሊዝኛ ፊደላትም 26። መገጣጠሙ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ዕድሜዬን በሙሉ አማርኛ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና፣ እግሬ እንደገና ሲማር በባዕድ ፊደል ይጀምር ዘንድ አልወደድሁም። «በራሳችን ብጽፍስ?» አልኋት። ሳቀችና «231 ነው እኮ ጋሼ» አለችኝ። «ጊዜ ሞልቶኛል» አልሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ፊደላችንን በእጅ የጻፈ ሁሉ ፊደሉን ያውቃል ማለት አይደለም። በግራ እግሩ የጻፈ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ካዕብና ሣልስ ቅጥያቸውን ወደ ቀኝ ይዘረጋሉ፤ ቱ እና ቲን፣ ቁ እና ቂን ተመልከቱ። ለግራ እግር ቀኝ ማለት ወደ ውስጥ ማለት ነው፤ ወደ ውስጥ መዞር በቶሎ መጣልኝ። ራብዕ ላይ ስደርስ ግን፣ ቃ፣ ታ እና ያ እግራቸውን ወደ ግራ ሲያጥፉ፣ የእኔ እግር እምቢ አለ። እግርን ወደ ውጭ የሚመልሱት ጡንቻዎች የሚወርዱት በቀጭኑ አጥንት ጎን፣ ልክ ብረቱ በታሰረበት፣ ቢላዋም ባለፈበት መንገድ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ታ መጻፍ አልቻልሁም፤ የምጽፈው ሁሉ ተ ሆኖ ይቀር ነበር። ለባለሙያዋ ይህንን ስነግራት የሙያዋን ማስታወሻ ከፍታ «ወደ ውጭ መዞር ደካማ» ብላ ጻፈች። እኔ ግን በልቤ «ራብዕ ይጎድለዋል» ብዬ መዘገብሁት፤ የእኔ አመዘጋገብ የተሻለ ይመስለኛል።

ከፊደሉ ቀጥሎ የመጣው መቀነት ነው። እግርን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ በእግር መዳፍ ፊተኛ ክፍል ላይ ፎጣ ወይም ጨርቅ አጥልቆ ወደ ራስ መሳብ፤ 30 ሰከንድ መቆየት፤ መልቀቅ፤ መድገም። ፎጣ ያጥራል፤ ነጠላ ይሸበሸባል። የእናቴ መቀነት ግን ለዚህ የተሸመነ እስኪመስል ድረስ ልክ ነበር። መጀመሪያ ጉልበት ተዘርግቶ፣ ቀጥሎ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ይሠራል፤ ምክንያቱም ባት ሁለት ጡንቻ ነው። ላይኛው ጉልበትን ተሻግሮ ይያያዛል፣ ታችኛው ግን ከጉልበት በታች ይቀራል፤ ጉልበት ሲታጠፍ ላይኛው ይላላና ተራው የታችኛው ይሆናል። ሁለቱም መጨረሻቸው አንድ ነው፤ በተረከዝ ላይ በሚታሰረው ወፍራም ጅማት። አማርኛችን አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረውንም ጅማት ይለዋል። ድሮ ይህንን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም ነበር፤ አሁን ግን ለሁለቱ ሁለት ስም ብንሰጣቸው ብዬ እመኛለሁ።

ጠባሳውም መታሸት አለበት። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ቆዳው ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር፣ በትንሽ ቫዝሊን በክብ፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንም ይታሻል። ይህንን እናቴ ወሰደችው። ወጌሻ ባትጠራም ጣቶች ነበሯት። ማታ ማታ ከአልጋዬ ግርጌ ተቀምጣ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ እያነበበች ትወርድና አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች። «ይቺ ገና ይዛለች» ትላለች። በማግሥቱ ባለሙያዋ እዚያው ቦታ ላይ ቆማ ያንኑ ትለኛለች። ሁለቱ ሴቶች እስከ ዛሬ አልተገናኙም።

በስድስተኛው ሳምንት ራጅ ተነሣሁ፤ አጥንቱ መያያዝ ጀምሯል ተባለ። አሁን እግሬ መሬት ሊነካ ነው። መንካቱ ግን በኪሎ ነው። በክፍሉ ውስጥ ሚዛን አለ፣ በየመንገዱ ዳር ልጆች ይዘውት እንደሚቀመጡት ያለ ተራ ሚዛን። ግራ እግሬን አሳርፍና ቁጥሩን እያየሁ እጫናለሁ። 10 ኪሎ። በሳምንቱ 20። ከዚያ 34፣ የክብደቴ ግማሽ። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አጥንት በሚሸከመው ጫና ልክ ራሱን እያደሰ ቅርጹን እንደሚለውጥ ጽፏል። ያልተጫነ አጥንት ይሳሳል፤ በልክ የተጫነ ይጠነክራል። ልኩ ግን የት እንደሆነ እግር ራሱ ይናገራል ይላሉ፤ ማታ አብጦ፣ ጠዋትም ሳይጎድል ከተነሣ በዝቶበታል።

ጠያቂዎች በዚህ ሰሞን አበበ ቢቂላን ይጠሩልኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ከቶኪዮ ማራቶን ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አውጥቶ፣ በዓለም ምርጥ ሰዓት አሸንፎ፣ ከዚያም ሜዳው ላይ ተንጋሎ እግሮቹን ሲያፍታታ ዓለም ተመልክቷል። «አንተስ?» ይሉኛል። ትርፍ አንጀት ቁርጭምጭሚት አይደለም ብዬ አልመልስም፤ ለጠያቂ እንዲህ አይመለስም። እኔ ከአበበ የምወደው ግን ከውድድሩ በኋላ ያለውን ነው። የሚያጨበጭብለት ሕዝብ እየተመለከተው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ጡንቻውን ያፍታታ ነበር።

ግድግዳውን ልተው አልችልም። ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ተረከዝ ከመሬት ሳይነሣ፣ ጉልበትን አጥፎ ግድግዳውን ማስነካት፤ ጣት ከግድግዳው ምን ያህል ርቆ ጉልበት እንደሚደርስ ይለካል። በቀኝ እግሬ 11 ሴንቲ ሜትር ነበር። በግራዬ 2። ባለሙያዋ ቅልጥሜን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ቴለስን ወደ ኋላ ትገፋለች፤ እግር ወደ ላይ ሲታጠፍ ያች አጥንት ወደ ኋላ መንሸራተት ስላለባት ነው። ያማል፤ ሕመሙ ግን እንደ ጥርስ ሕመም አይደለም፤ ዝገት እንደያዘው በር ያለ ግትርነት ነው። በወጥ ቤታችን ወለል ላይ በእርሳስ መስመር እያሰመርሁ 3፣ 3፣ 4፣ 3 ተኩል እያልሁ ኅዳርን አሳለፍሁ።

የግንባታ ሠራተኛው ልጅ በኅዳር ቀረ። የቀረው ድኖ አይደለም። በመጨረሻ በመጣበት ቀን «ከዚህ በኋላ የምመጣ አይመስለኝም ዶክተርዬ፤ ትራንስፖርቱም አለ፣ ቀኑም ያልፋል» አላት። አልተቆጣችውም። ሌሎቻችንን አስጠብቃ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ በሦስት ወር ከፋፍላ የምትሰጠውን ሁሉ አሳየችው፤ ተረከዝ ማንሣቱን በሁለት እግር፣ ከዚያ በአንድ፤ የብስክሌት ጎማ ውስጥ ላስቲክ ቆርጦ በእግሩ እየለጠጠ ማጠንከሩን፤ በአንድ እግር መቆሙን። እያንዳንዱን ካሳየችው በኋላ «አሁን አንተ አሳየኝ» ትለው ነበር። ምን ጊዜ ወደሚቀጥለው እንደሚያልፍ በየትኛው ምልክት እንደሚያውቅ በወረቀት ጻፈችለት። ማንበብ እንደሚችል አስቀድማ ጠይቃዋለች። እኔ በሠላሳ ዓመት ማስተማር ውስጥ እንደዚያች አንድ ሰዓት ያለ ትምህርት ሰጥቼ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ልጁ መሰላሉን ወጥቶት ይሆን? አንዳንድ ጊዜ በግንባታ ሥር ሳልፍ ቀና እላለሁ።

በአንድ እግር የመቆሙ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ዓይን እስኪጨፈን ድረስ። እንግሊዛዊው ሐኪም ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዳው፣ ቁርጭምጭሚት ሲጎዳ የሚበጠሱት ጅማቶች ብቻ አይደሉም፤ በጅማቶቹ ውስጥ ሆነው እግር የት እንዳለ ለአእምሮ የሚናገሩት የነርቭ ጫፎችም አብረው ይጎዳሉ። እግሩ ይጠነክራል፤ ያለበትን ግን አያውቅም። ስለዚህ ጥርስ ሲፋቅ በአንድ እግር፣ ከዚያ በታጠፈ ፍራሽ ላይ፣ ከዚያ ዓይን ተጨፍኖ። ዓይኔን ስጨፍን 4 ሰከንድ ቆሜ ግድግዳ እይዝ ነበር። እናቴ ከወንበሯ ሆና «እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነኝ» አለችኝ፤ በማፌዝ አይደለም።

አረማመዴን የምትገመግመውም እርሷው ናት፤ በጆሮዋ። ክራንቹን ስተው ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት በተራመድሁ ቁጥር ታዳምጣለች። ግጥም የምትወዱ ታውቃላችሁ፤ የወል ቤት ስንኝ ስድስትና ስድስት ቀለም ሆኖ በእኩል ይከፈላል። የጤነኛ ሰው እርምጃ እንደዚያ ነው፤ ተረከዝ፣ መዳፍ፣ ጣት፣ ሁለቱም በእኩል ጊዜ። የአንካሳ እርምጃ ግን ሁለተኛው ሐረግ ያጠረበት ስንኝ ነው፤ የታመመው እግር መሬት ላይ መቆየት ስለማይወድ ተራውን ቶሎ ያስረክባል። ባለሙያዋ በመስታወት ፊት ታራምደኝ ነበር። እናቴ መስታወት አላስፈለጋትም። «ግራው ቸኩሏል» ትለኝ ነበር።

ለጥምቀት እንድንወርድ ፈልጋ ነበር። በዚያ ሳምንት ግድግዳው 6 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ባለሙያዋ «ብቻዎን ይውረዱ፤ ሰው ይዘው ግን አይሆንም» አለችኝ። እናቴ ታቦቱ በመንገድ ሲያልፍ መስኮቱን ከፍታ ሰማች። እኔ ከኋላዋ በአንድ እግሬ ቆሜ ነበር።

የደረጃው ሥርዓት አንድ ነው፤ ሲወጣ ጤነኛው ይቀድማል፣ ሲወርድ የታመመው ይቀድማል። ባለሙያዋ እንዳይረሳ «ጻድቁ ወደ ላይ፣ ኃጥኡ ወደ ታች» ብላ ታስጠናዋለች። ይህንን ቤት ወስጄ ስናገር እናቴ «የልጄን እግር ኃጥእ ያለው ማነው?» ብላ ተቆጣች። በኋላ ግን ራሷ ትጠቀምበት ጀመር።

በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት፣ ግድግዳው 8 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ወረድን። ግራ እጇ ግድግዳው ላይ፣ ቀኝ እጇ ክንዴ ላይ፤ የእኔ ግራ ቀድሞ፣ ቀኜ ተከትሎ፣ እርሷ ከዚያ። በየፎቁ ዐረፍን። በሁለተኛው ፎቅ አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ እልል ልትል ስትል እናቴ በእጇ ከለከለቻት፤ ድምፁ እርምጃዬን ይሸፍንባታል። 70፣ 71፣ 72። ምድር ላይ ቆመን ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወገቧን ዳሰሰች፤ ዞር ብላም «መቀነቴስ?» አለችኝ።

መቀነቷ ጠዋት የሠራሁበት አልጋ ላይ ነበር። እርሷን የጥበቃው አግዳሚ ላይ አስቀምጬ፣ ጻድቁን አስቀድሜ መውጣት ጀመርሁ።